ፊደል ቆጠራ በአሰብ መንገድ

ጥያቄ ነበር ወይስ ነገር? ይህን እስከ ዛሬ መመለስ አልቻልሁም። አንዲት ቃል ናት፤ በእርሳስ የተጻፈች፣ መጨረሻዋ ላይ ምንም ምልክት የሌላት። ቃሏን ከመንገዱ አስቀድሞ ማውጣት ለአንባቢ አይጠቅምምና መንገዱን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እንደነበረ ላስቀምጠው። መንገዱም ቢሆን ዛሬ የሚሄድበት የለም። በደርግ ዘመን ከኮምቦልቻ ተነሥቶ አሰብ ወደብ መውረድ ለጭነት ሾፌር ወደ ገበያ እንደ መውጣት ነበር። አሁን ድንበሩ ተዘግቶ ልጆቻችን ስሙን ብቻ ይሰማሉ።

እኔ ያኔ ኮምቦልቻ በአንድ የወረቀትና የደብተር መጋዘን ተረካቢ ነበርሁ። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ከሞላኝ በኋላ ነው። ከዚያ በማታ ትምህርት እስከ ስምንተኛ ክፍል ደረስሁ። ዘግይቶ የተማረ ሰው ፊደልን እንደ ክቡር እንግዳ ነው የሚያየው። የተሳሳተ ቃል ሳይ ሳላቃናው አላልፍም። ይህ ጠባዬ መጋዘን ውስጥ አስመስግኖኛል፤ በሌላ ቦታ ያደረሰብኝን ወደ ኋላ እጽፈዋለሁ።

ከወደቡ የሚመጣው ደብተር እየረጠበና እየተቀደደ ስላስቸገረ አለቃዬ፣ "አስካለ፣ አንቺ ራስሽ ወርደሽ እያየሽ ተረከቢ" አለኝ። የሾፌሩ ረዳት ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ስለነበር በጋቢናው ውስጥ ሁለታችን ብቻ ሆንን።

ሰኞ

ከደሴ የተነሣነው የጦሳ ተራራ ገና በጉም ተሸፍኖ ሳለ ነው። እናቴ ሁለት ጋቢ፣ አንድ የሱፍ ሹራብና የእግር ሹራብ አስይዛኛለች። ለእሷ መንገድ ማለት ብርድ ነው። ሾፌሩ ሰይድ ጓዜን ሲቀበለኝ ክብደቱን በእጁ ለካና፣

"ይሄ ሁሉ ጋቢ ለማን ነው እታለም?" አለኝ።

"ለእኔ ነዋ ጋሽ ሰይድ።"

"የምንሄደው እኮ አሰብ ነው፤ ወረኢሉ አይደለም።"

አርባን ያለፈ፣ አጠር ያለ፣ ክንደ ወፍራም ሰው ነበር፤ በሽርጥ ነው የሚነዳው። በአፌ እስከ መጨረሻው አንቱ ብዬዋለሁ። ይህን ስጽፍም አንቱ ልለው አስቤ ነበር፤ እጄ እሺ አላለኝም።

የሐረጎን ጠመዝማዛ ስንወርድ እግሩን ፍሬን ላይ አለማድረጉ አስፈራኝ። "ኧረ ይያዙት!" አልሁት። ሳቀ። "ፍሬን ለዚህ ሁሉ መዞሪያ አይበቃም። ሐረጎን የሚያወርደው ማርሽ ነው። ፍሬን ለከፋ ቀን ይቀመጣል።" ኮምቦልቻ ላይ ጥሬ ቆዳ ጫንን። ሽታው እስከ አሰብ አልተለየንም። ሸራው ተጎትቶ ገመዱ ከታሰረ በኋላ ሰይድ በዱላ እያንዳንዱን ጎማ እየመታ፣ ጆሮውን አዘንብሎ እየሰማ ዞረ። አንዱን ጎማ ሁለት ጊዜ መታው። "ይሄ ያኮረፈ ድምፅ አለው" አለ። እኔ የሰማሁት ያው ድው ብቻ ነበር።

ደጋንን አልፈን ባቲ ስንገባ የገበያ ቀን ነበር። ግመል መንገዱን ሞልቶታል። ደሴ ሰኞ ገበያ ሰው ለሰው ይጋፋል፤ ባቲ ግን የሚጋፋው ግመል ነው፣ ለጡሩንባም አይነሣም። ኬላው ላይ ዘቡ የይለፍ ወረቀታችንን ከሰይድ ተቀብሎ ቆሞ አነበበ።

"ጓድ ሾፌር፣ ወዴት ነው?"

"አሰብ።"

"ወረቀቱስ ወዴት ይላል?"

ሰይድ ወረቀቱን ተቀብሎ ረጋ ብሎ አየው። "አሰብ ነዋ፤ ይኸው።" ጣቱ ያረፈው ማኅተሙ ላይ ነበር።

ዘቡ በሳቅ ፈረሰ። "'ወደ አሳብ' ነው እኮ የሚለው! ኑ ጓዶች፣ ሰዎቹ ወደ አሳብ እየሄዱ ነው! አሳብ ስንት ኪሎ ሜትር ነው ጓድ?"

የጽሕፈት ቤታችን ታይፒስት ሰን ሳ አድርጋዋለች። ወርጄ ስሕተቱን አስረዳሁ፤ ዘቡ ግን ኃላፊው ከምሳ መጥተው ካላዩት አላሳልፍም አለ። አንዲት ሻይ ሻጭ በዳሷ ጥላ ሥር አስቀመጠችን፤ የራሷን መቀመጫ ለእኔ ሰጥታ እሷ በጀሪካን ላይ ተቀመጠች። "ወረቀት ሲሳሳት ሰው ፀሐይ ላይ አይቀመጥም" አለች። ኃላፊው መጡና አርመው ፈረሙ።

ከባቲ ወጥተን ብዙ ሄድን። ሰይድ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ፣ "አየሽ" አለኝ።

"አየሁ።"

"ማንም አያውቅም። ቤተሰብም አያውቅም።"

ከዚያ እንደ ተከፈተ ቧንቧ ተናገረ። መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ የተፈተነው በመኪና እንጂ በወረቀት አልነበረም። ዘመቻው ሲመጣ እሱ መንገድ ላይ ነበር፤ ሲመለስ፣ "ሰይድማ የተማረ ነው፤ ያገሩን ደብዳቤ የሚያደርሰው እሱ አይደል?" ብለው ዘለሉት። ደብዳቤ ሲሰጡት ለማን እንደሆነ በአፍ ያስነግርና የባቲውን በቀኝ ኪሱ፣ የሚሌውን በግራ፣ የአሰቡን በቆቡ ውስጥ ያስቀምጣል። አሁን ግን መሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያ አውጥቷል። በሚመጣው ወር ሾፌር ሁሉ ኮሚቴ ፊት ቆሞ የርክክብ ወረቀት ያነባል። ያላነበበ ከመሪው ተነሥቶ የግቢ ዘበኛ ይሆናል።

"ሃያ ዓመት ነዳሁ። አሁን ሌላው ሲወጣ ሲገባ በር ልክፈት?"

"እኔ አስተምርዎታለሁ" አልሁት። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም፤ በጠባዬ ቶሎ የምናገር ሰው አይደለሁም።

"ለማንም ላትናገሪ ማይልኝ።"

"በእመቤቴ!"

"ወላሂም በይ። ሁለቱንም ማይልኝ፤ አንዱ ገመድ ቢላላ ሌላው ይይዛል።"

ሁለቱንም ማልሁ።

ሚሌ ያደርንበት ቤት አልጋው ከክፍሉ ወጥቶ ደጅ ተዘርግቷል። ደሴ ውጭ ያደረ ሰው ጠዋት ደርቆ ይገኛል፤ እዚህ የሚያስፈራው ውስጥ ማደር ነው። የቤቱ ባለቤት ጋቢዬን አይታ ጎረቤቶቿን ጠራችና ሁለቱንም ደርባ ለብሳ አሳየቻቸው። ከዚያ በእርጥብ አንሶላ እንዴት እንደሚተኛ አስተማረችኝ። የአንሶላውን ሒሳብ እንቢ አለች።

ማክሰኞ

ትምህርቱን የጀመርነው በፊት መስታወቱ አቧራ ላይ ነው። በቆምን ቁጥር በጣቴ እጽፋለሁ፤ ስንሄድ እሱ ጮክ ብሎ ይደግማል። እኔ በዘመቻው የተማርሁት በዜማ ነበር፤ ለእሱ ዜማው አልሠራም። ሚሌና ባቲ የሚሉትን ቃላት በመልካቸው ያውቃቸዋል፤ ፊደል ለፊደል ሲለያዩበት ግን ይጠፉበታል። በመጨረሻ መንገዱን ያገኘው ራሱ ነው።

"ቆይ ቆይ። ይቺ ቀ መሪ ናት፤ ከነዘንጉ። ተ የጎማ መፍቻ መስቀል። በ ደግሞ ኬላ።"

"ቡስ?"

"የጎን መስታወት አወጣች።"

"ቢ?"

"ጫማ አደረገች።"

"ባ?"

አቧራው ላይ ያለችውን ባ አይቶ ቆየ፤ አንድ እግሯ አጥሯል። "ጎማዋ ተነፈሰ!" አለና መሪውን በመዳፉ መታ። አስተማሪ ሆኜ ያን ያህል ስቄ አላውቅም።

እንዳለውም ሆነ፤ ሰርዶ ሳንደርስ ያ ያኮረፈው ጎማ ተነፈሰ። ከኋላና ከፊት ድንጋይ ደርድረን ክሪኩን አስገባ። በዚያ ፀሐይ ብረት በባዶ እጅ አይነካም፤ አንዱን የእናቴን ጋቢ ጠቅልሎ ያዘበት። (እናቴ ጥቅሙን ስነግራት አላመነችም።) የከብት ጠባቂ የሆኑ አንድ የአፋር ሽማግሌ ከየት እንደመጡ ሳናይ አጠገባችን ቁጢጥ ብለው የግመል ወተት አቀረቡልን። እስክንጨርስ ድረስ አልተነሡም። ሰይድ፣ "መንገድ ላይ የቆመ ሰው ብቻውን አይተውም፤ የዚህ አገር ሕግ ነው" አለኝ። በእኛ አገር ለእንግዳ በር ይከፈታል፤ እዚህ በር የለም፣ ሰውየው ራሱ መጥቶ ይቀመጣል።

ድንጋዩን አንድ በአንድ ከመንገዱ ሳያነሣ አልተንቀሳቀሰም። "ለራሱ ድንጋይ ደርድሮ ለሌላው ትቶ የሚሄድ ሾፌር አይባልም።"

ኤሊዳር አደርን።

ረቡዕ

የዶቢ ሜዳ ነጭ ነው፤ ጨው። ወደ ጥላ ስር ልሂድ ብትል ጥላ የሚባል ነገር የለም። ስለ ደሴ ጭጋግ ሳማርር የኖርሁት ትዝ ብሎኝ አፈርሁ። ሰይድ ግን ይህን መንገድ ይወደው ነበር። ስለ ሥራው ስጠይቀው፣ "ሾፌር ቤቱን የሚያውቀው በጎን መስታወት ነው፤ ሲርቅ" አለ። ሁለት ሳምንት በወደቡ ተራ ሲጠብቅ ከተሳቢው ሥር ሰሌን አንጥፎ ይተኛል። ለቅሶ ያመልጠዋል፤ ሰርግ ያመልጠዋል። ደሴ ሲገባ ደግሞ ቤቱ ጸጥ ሲልበት እንቅልፍ እንቢ ይለዋል። "ሞተር ሳይሰማ የሚተኛ ሰው ያስቀናኛል" ብሎ እንደገና "ለ፣ ሉ፣ ሊ" ማለት ጀመረ።

ማንዳንና ቡሬን አልፈን ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ታየ። ሰዎች ባሕር ሲያዩ ምን እንደሚሉ አንብቤ ነበር። እኔ ያልሁት፣ "የእኛን ሐይቅ ደጋግመው ያፈሰሱት ይመስላል" ነው። ሰይድ መኪናውን ዳር አስይዞ ሞተሩን አጠፋ። "አንቺ እስክትጠግቢ እንቆማለን" አለ። ሾፌር ለተሳፋሪ ባሕር ለማሳየት ሞተር እንደማያጠፋ ያወቅሁት ኋላ ነው።

ሐሙስ

ቀኑ በወደቡ አለቀ። እሽጎቹን አንድ በአንድ አገላበጥሁ፤ የረጠበውን መለስሁ፤ ጫኞቹ "ይቺ ሴትዮ የደብተሩን መስመር ልትቆጥር ነው" ብለው አሙኝ። ሰይድ ሸራውን ለሁለት ዕጥፍ አድርጎ ሸፈነልኝ።

ምሳ ላይ አንድ ነገር ሆነ፤ ለወሎ ሰው ማብራራት አያሻውም፣ ለሌላው ግን ልንገር። እሱ እስላም እኔ ክርስቲያን ነን፤ የታረደ አንበላላም። በመንገዱ ሁሉ እሱ በራሱ ሰሐን እኔ በራሴ ነበርን። አሰብ ግን ምግቡ ዓሣ ነው። አስተናጋጁ በአንድ ትሪ አመጣው። ለሁለት እንዲያደርገው ልጠራው ስል ሰይድ፣

"ተዪው። ዓሣ ባራኪ የለውም፤ ባሕሩ ነው የባረከው። የሁላችን ነው" አለ።

አጥንቱን እያወጣ ሥጋውን ወደ እኔ ወገን ገፋው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓሣ በልቻለሁ፤ ሐይቅም ሄጄ በልቻለሁ። እንደዚያ የጣፈጠኝ የለም፤ የዓሣው ጉዳይ እንዳልሆነም አውቃለሁ።

ዓርብ

ጁምዓውን ሰግዶ ሲመጣ ተነሣን። ከወደቡ መውጫ ላይ አንድ የታጠፈ ቆርቆሮ ምልክት ቆሟል። ሰይድ ቀስ አለ፤ ከዚያ ፈጽሞ ቆመ። ከኋላ ያለው መኪና ጡሩንባውን ለቀቀው።

"ፍ… ጥ… ነ… ት።" ዞሮ አየኝ። "ፍጥነት?"

"ፍጥነት" አልሁት። "ቀጥሎ ያለውስ?"

"ቀ… ን… ስ። ቀንስ!" ዓይኑ እንባ አቀረረ። "ሃያ ዓመት ሙሉ ይሄ ነገር 'ቀንስ' ሲለኝ ነበር?"

የኋላው ሾፌር አንገቱን አውጥቶ፣ "አንተ! ሞትህ ወይስ ተኛህ?" ብሎ ጮኸ።

"እያነበብሁ ነው!" አለው ሰይድ። ሰውየው ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ሰርዶ አደርን። ጭነቱ ስለከበደን ቀስ ብለን መሄዳችን ደስ ብሎኝ ነበር።

ቅዳሜ

ሲወርዱ የረዘመ መንገድ ሲመለሱ አጠረ። የባቲዋ ሻይ ሻጭ፣ "ከአሳብ ተመለሳችሁ?" ብላ በሁለት ብርጭቆ ሻይ ተቀበለችን። ከባቲ ወዲህ አየሩ ቀዘቀዘ፣ አረንጓዴ መጣ፤ እንኳን ደኅና መጣሽ የሚለኝ አገር ሁሉ አስከፋኝ። የጎማ ድምፅ እየሰማሁ፣ አምላኬ፣ እባክህ አንዱ ይተንፍስ አልሁ። አንዱም አልተነፈሰም።

ኮምቦልቻ መጋዘኑ በር ላይ ዘመቻ ላይ ያገኘኋትን አሮጌ የፊደል መጽሐፌን ሰጠሁት። "አብሽሪ፤ አላሳፍርሽም" አለኝ። እኔም በወጉ፣ "በርቱ ጋሽ ሰይድ" ብዬ ወረድሁ። የምሄድበት የደሴ ሚኒባስ እስኪሞላ ከሩቅ ቆሜ አየሁት፤ ጎማዎቹን እየመታ ይዞር ነበር።

በወሩ ኮሚቴው ፊት ቆሞ አነበበ። እየተንገዳገደ ነው አሉ፤ ግን ጨረሰው። መሪው በእጁ ቀረ። ወዲያው ግን እህል ጭኖ ወደ ሰሜን በሚሄድ ኮንቮይ ተመደበ። ከተነሣ ከሳምንት በኋላ አንድ የሥራ ጓደኛው የታጠፈ ወረቀት መጋዘን አመጣልኝ። በላዩ ስሜ አለ፤ በውስጡ አንድ ቃል፦

ትጠብቅኛለሽ

እዚህ ላይ ያደረግሁትን ሳላሳምር ልጻፈው። ቀይ ብዕሬን አነሣሁ። ቅን ቂ አደረግኋት። መጨረሻው ላይ በቀይ የጥያቄ ምልክት አኖርሁ። በኅዳጉም፣ "ጥያቄ ከሆነ ምልክቱን አይርሱ" ብዬ ጽፌ በዚያው ሰው መለስሁለት። መልሴ መስሎኝ ነበር። ምልክቱን ጽፎ ይመልሰዋል፣ ያኔ "አዎ" እላለሁ ብዬ ነው። ምልክት ሳይጽፍ የቀረው አስቀድሞ የሚያውቀውን ነገር ስለነገረኝ ሊሆን እንደሚችል የገባኝ ከዘገየ በኋላ ነው። እሱም ወረቀቱን ሲያየው ምን እንዳነበበ አላውቅም፤ ምናልባት ያነበበው ቀዩን ብቻ ይሆናል።

ኮንቮዩ ተመለሰ፤ ሰይድ አልተመለሰም። ሞተም ተማረከም የሚል ሰው አልተገኘም።

ጠበቅሁ። ባለ ተሳቢ መኪና ሐረጎን ሲወርድ በማርሽ ነው በፍሬን ብዬ አዳምጣለሁ። ሰኞ ሰኞ ደግሞ ቅመም እገዛለሁ ብዬ ሰኞ ገበያ እህቱ ዘሀራ ዘንድ እሄድ ነበር፤ ቤታችን የሚበላው ኮረሪማ ያን ያህል እንዳልነበረ እናቴ ታውቃለች። ዘሀራ ስለ ወንድሟ አንድም ቀን አታነሣም። እኔም ምላሴ በሁለት መሐላ ታስሯል፤ ስለዚያች ቃል ልናገር ብል ማንበብ አለመቻሉን መናገር ነበረብኝ።

በአራተኛው ዓመት አንድ ሰኞ ስደርስ የሰፈሯ ሁለት ሽማግሌዎች አጠገቧ ቆመው ነበር። "ዘሀራ፣ ይብቃ፤ ለወንድምሽ የሙት ሶደቃ አውጪለት" ይሏታል።

"አላወጣም" አለች። "ለእናቱ ያልመጣ ሰው ነው። ከመጥፋቱ ሦስት ዓመት አስቀድሞ እናታችን ስታጣጥር በእጄ ጽፌ አሰብ ላክሁበት። ያደረሰው ሾፌር እጁ ላይ እንዳስቀመጠለት ምሎልኛል። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ለሞተች ሴት ሽቶ ገዝቶ መጣ! ለምን ብለው አንገቱን ደፋ። እስኪጠፋ አላነጋገርሁትም፤ አሁንም ሶደቃ አላወጣም።"

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። መሐላው የተማለው ስሙን ለመጠበቅ ነበር፤ አሁን ስሙን የሚያጠፋው መሐላው ሆነ።

"እትዬ ዘሀራ" አልኋት፣ "ሰይድ ያኔ ማንበብ አይችልም ነበር።"

ሁሉንም ነገርኋት፦ ኪሶቹን፣ ኬላውን፣ ኮሚቴውን፣ ያችን አንዲት ቃል፣ ቀዩንም ብዕር። ገዢ ሲመጣ በእጇ እየመለሰች ሰማችኝ።

"ሳያነበው ነው በለኛ" አለች በመጨረሻ፣ ለእሱ እንደምትናገር። "አንብብልኝ የሚለው ሰው አፍሮ… የሰላምታ መስሎት…" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ፊደሉን ለመለየት ስንት ቀን ፈጀበት?"

"ስድስት ቀን።"

በጣቶቿ ቆጠረች፤ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ። ቅዳሜ ላይ ጣቷ ቆመ። "ስድስት ቀን" አለች። "እኔ አላስተምረውም ነበር? ሰባት ዓመት ነው ዝም ያልሁት እኮ።"

ሁለታችንም ገበያው መካከል ተቀመጥን። እንባችንን በርበሬው ነው እንዳንል የምትሸጠው ኮረሪማ ነበር። ኋላ ላይ ፊቷን በነጠላዋ አበሰችና የከረጢቶቿን አፍ አንድ በአንድ ማሰር ጀመረች።

"ሐሙስ በጠዋት ነይ" አለችኝ። "ሶደቃ አለብን።"

አለብን ነው ያለችው፤ አለብኝ አላለችም።